ልጅ የሚቀመጥበት ምንጣፍ

«ልጅ የላት፤ ማንን ነው የምናጽናናው?» አለች አንዲት ለቀስተኛ ንፍሮዋን እየዘገነች።

ዳባት፣ የቲቸር የትናየት ሰልስት ነው። ዘመድ በሚቀመጥበት ምንጣፍ ላይ የሟች ታላቅ እህት እትዬ ይርገዱ ብቻቸውን ናቸው። የሟች የቀድሞ ተማሪ ስመኝ ከጎረቤቶቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ልቧ ምንጣፉ ላይ ነው። ግን አባቷ ገሠሠ ከወንዶቹ መካከል አለ፤ አባት ባለበት የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ መቀመጥ አባትን በቁሙ መቅበር ነው።

ገሠሠ ስለ ልጁ ሠዓሊነት ለጎረቤቱ እያወራ ነበር። «ጥበቡን ያወጣላት ዱላዬ ነው» አለ። «ቲቸሯማ ልታሞላቅቃት ነበር።»

ሰሚው ራሱን ነቀነቀ። ዱላው ያወጣላት ሰንበር ነው፤ እሱንም ሰፈሩ ሁሉ እያየ አላየሁም ብሏል።

ሦስተኛ ክፍል ሳለች ስመኝ ትምህርት አትሰማም ነበር። መምህራኑ «ፈዛዛ» አሏት። አልፈዘዘችም፤ ጆሮዋ ከኋላዋ የሚመጣን ኮቴ ሲጠብቅ ይውላል። ቲቸር የትናየት አንድ ቀን አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ምን እንደምታዳምጥ ጠየቀቻት። ልጅቷ በሩን ጠቆመች። በማግስቱ ጀርባዋ ግድግዳ፣ ፊቷ በር እንዲሆን የመጨረሻው ዴስክ ላይ አስቀመጠቻት። ሰነፍ ወደ ኋላ ተወረወረ ተብሎ ተሳቀ። በዚያው ሳምንት ስመኝ ሰባት በር ያለው ቤት ሣለች።

«ቤት ይሄን ሁሉ በር ምን ያደርግለታል?» አለ አንዱ መምህር።

«መውጫ ለሚፈልግ ሰባትም ያንሳል» አለችው የትናየት።

ያንን ድምፅ አሁን አንዴ ብትሰማው። ስመኝ ተነሣች፤ በወንዶቹ ፊት አልፋ ምንጣፉ ዳር ቆመች።

«እትዬ፣ እዚህ ልቀመጥ?»

«ሦስት ቀን ሙሉ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አሏት እትዬ ይርገዱ፣ ፈቀቅ እያሉ።

ለቀስተኛው ሊሰናበት ሲሰለፍ ገሠሠም ተራው ደረሰ። ልጁ ፊት ቆሞ ሰልፉን ያዘ። ከኋላው ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ገሠሠ ጎንበስ አለ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«አሜን» አለች፣ ለሌላው እንዳለችው ሁሉ።

እሱ ሲወጣ እትዬ ይርገዱ የእህታቸውን ጋቢ ከላያቸው ገፈው አለበሷት። ስመኝ ጫፉን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ ትንፋሿን ሳታወጣ ቆየች።