አርባ ደህና ሴቶች

ኮከብ ለማስተርስ ጥናቷ ከፋ ውስጥ ሺሺንዳ ዙሪያ አርባ ባለትዳር ሴቶችን ስለ ጭንቀታቸው ጠይቃ፣ ሠላሳ ዘጠኙ ደህና ነን ብለዋታል። እንዲህ የታደለ ቀበሌ የት ይገኛል? የጎጃም ልጅ ናትና የአካባቢውን ቋንቋ ካፊኖኖን አትሰማም፤ ያስተረጎሙላት ባሎቻቸው ነበሩ።

አርባኛዋ እትዬ ፀዳለ ናቸው። እንቅልፍ ይወስዳቸው እንደሆነ ሲጠየቁ ብዙ አወሩ፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እንደገና አወሩ። ባላቸው ጋሽ ሣህሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣

“በደንብ እተኛለሁ ነው የምትለው” አሉ።

የኮከብ እስክሪብቶ ቅጹ ላይ “ችግር የለም” ማለት የሆነችው ዜሮ ላይ ሳይደርስ ቀረ።

በማግስቱ ቦንጋ ተመልሳ አርባውን ቅጽ አማካሪዋ ዶክተር ኃይለሚካኤል ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው።

“ይኼን አልጠቀምበትም። ሴት አስተርጓሚ ይዤ እንደገና እሄዳለሁ።”

ዶክተሩ ቅጾቹን አገላበጡ። “ከአንዲት ጥያቄ በቀር ያልተሞላ ቦታ የለውም እኮ! እንዲህ ንጹህ ዳታ ያመጣልኝ ተማሪ የለም። እንደገና ከጀመርሽ ዘንድሮ አትመረቂም።”

“አልመረቃ!”

“ኮከብ፣ ረጋ በይ። ሌላው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚሠራው።”

ኮከብ ከፊታቸው ቀይ እስክሪብቶ አንስታ የላይኛውን ቅጽ ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዘችው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውን ስትጀምር ዶክተሩ ከወንበራቸው ተነሡ።

“ምን እያደረግሽ ነው? የአርባ ሴቶች መልስ እኮ ነው!”

“የአርባ ባሎች መልስ ነው፣ ዶክተር” አለች መሰረዟን ሳታቆም። “ሴቶቹን ገና አልጠየቅኋቸውም።”