ላይኛው ኮምፒውተር

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አሳንሰር ጠጋኙ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ አማቱ ከምድር ቤቱ ጠሩት። ኮምፒውተሩ አላስገባም ብሏቸዋል። ጠዋት ወደ አንድ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ደውለው ነበር፤ ሰውዬው ሰኞ ያምጡት ብሎ፣ ደግሞም እንዲህ ያለ ነገር አንዳንዴ ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ነው የሚስተካከለው አላቸው።

አማቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። ልጃቸው፣ ማለትም የእሱ ሚስት፣ ፎቅ ላይ ባለችው ክፍል በኮምፒውተር የልብስ ንድፍ ትሠራ ነበር። ንድፉን ሁለቱ ኮምፒውተሮች በሚጋሩት ፎልደር ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ እናትየው ከታች ሆነው ይከፍቱታል፣ በፕሪንተር ያወጡታል፣ ወረቀቱን ቀጣጥለው ጨርቁ ላይ ያነጥፉና ይቆርጣሉ። በዚህ ዓይነት ስንቷን ሙሽራ አልብሰዋል! ኮምፒውተሮቹን ላይኛውና ታችኛው ብለው ሰይመዋቸዋል፤ ኔትወርኩ ላይም በዚሁ ስም ነው የሚታዩት። ልጅቱ ከሞተች ሦስት ወሯ ነው።

የመጨረሻ የተቀበለችው ሥራ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ነበር። ሠርጉ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ሙሽራዋን ሌላ ቦታ አሠሪው ቢሏት አሻፈረኝ አለች፤ እሳቸውም እውነቱን ለመናገር እሺ እንድትላቸው አልፈለጉም። ደረቱ ተሰፍቷል፣ ጉርዱ ተሰፍቷል፣ የቀረው እጅጌው ነው። እሱ ደግሞ ልጅቱ ከራሷ ያፈለቀችው፣ ከትከሻ ሦስት ጊዜ ታጥፎ ክርን ላይ የሚሰበሰብ ነገር ነው። በዓይን ገምተው መቀስ ቢያነሱበት ጨርቁ ገደል ገባ ማለት ነው። አማቱ የሚያትሙት የዕለቱን ለዕለቱ ነው፤ እጅጌውን ዛሬ ነገ እያሉ መጨረሻ ላይ አደረሱት። እሱ ካለቀ ከልጃቸው እጅ የሚቀበሉት ሌላ ሥራ የለማ።

እሱስ? እሱ ደንዝዟል። አላለቀሰም፣ አልከሳም፣ ከሥራም አልቀረም። ሰዉ ሁሉ ጠንካራ ነው ይለዋል፤ የምን ጥንካሬ! ጥርስ ነቃይ ዘንድ የደነዘዘ ከንፈር እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ እሱም ሁለንተናው እንዲያ ሆኖ ነው የከረመው። ይበላል፣ ምን እንደበላ አያውቅም። ሰው ያወራዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል። የቀብሩን ሳምንት ንገረን ብትሉት አንድም ነገር አይነግራችሁም፤ ያ ሳምንት ከራሱ ውስጥ ድራሹ ጠፍቷል።

አማቱ ኮምፒውተር ያውቃል ብለው ያመኑት መነጽር ስላደረገ ብቻ ነው። የሚያውቀው አሳንሰር ነው። ቢሆንም አሳንሰር ጠጋኝ አንድ ጥሩ ልማድ አለው፤ የቆመውን ነገር አይደበድብም፣ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ይፈትሻል። መብራት ገብቷል ወይ? ገብቷል። ገመዱ? ተሰክቷል። ራውተሩን አጥፍቶ አበራው፣ ለውጥ የለም። ሁለቱም ኮምፒውተሮች በአንድ ኔትወርክ ላይ ናቸው። ቀጥሎ ከታችኛው ሆኖ ላይኛውን አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀውን ትእዛዝ ሰጠ፤ ላይኛው አራቴ አለሁ አለ። ታዲያ ካለ ምን ሆነ?

ፎልደሩም በስሙ ቁጭ ብሎ ይታያል። ሲጫኑት ግን ስምና ፓስወርድ አምጡ ይላል። አማቱ የልክ መመዝገቢያ ደብተራቸውን የኋላ ገጽ ገለጡለት፤ ፓስወርዱን ሚስቱ በእጇ ጽፋላቸው ነበር። ጽሕፈቷን አየው፤ አየው እንጂ ምንም አላለውም። አስገባው። ወይ ፍንክች! ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሞከረው፤ ፈቃድ የለዎትም ነው መልሱ።

እስከ መቼ ይሠራ እንደነበር ጠየቃቸው። እስከ ማክሰኞ፣ መብራት እስከጠፋበት ድረስ ነው አሉ። እዚህ ላይ የቤቱን ወግ ልንገራችሁ። በዚህ ቤት ኮምፒውተር አይጠፋም። አማቱ አንዴ ከጠፋ ለመመለሱ ማን ዋስ ይሆነኛል ብለው ስክሪኑን ብቻ እያጨለሙ ሲያሳድሩት ነው የኖሩት፤ ልጅቱም ከእናቷ ወርሳ የራሷን አታጠፋም ነበር። ማክሰኞ ግን መብራቱ ማንንም ሳያማክር ሄደ፣ ሲመለስ ሁለቱም እንደ አዲስ ተነሡ። አሳንሰር ጠጋኙ ነገሩ ቶሎ ገባው። ሁለቱ አንዴ እንደተገናኙ ስለቆዩ ማንም ፓስወርድ የጠየቀ አልነበረም፤ ሲነሡ ግን ይጠየቃል። ፓስወርዱ እንግዲህ ከተለወጠ ቆይቷል። ግን ማን ለወጠው?

ወደ ላይ ወጣ። ክፍሏ ውስጥ ከገባ ከርሟል። ጠረጴዛው ላይ ጠመኔ፣ ማስመሪያ፣ ስፒል የተሰካበት ትንሽ ትራስ አለ። ወንበሯ ለእሱ ቁመት ዝቅ ይላል፤ ሳያስተካክለው ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠና የደብተሩን ፓስወርድ እዚያም ሞከረው። አልሆነም። ከሥሩ ግን አንድ መስመር ብቅ አለች። ፓስወርድ የሚለውጥ ሰው ከረሳሁት ብሎ ለራሱ የሚተዋት ማስታወሻ መሆኗ ነው። እንዲህ ትላለች፦ እማማን ጠይቅ።

በዚያ ቤት አማቱን እማማ የሚል ከእሱ በስተቀር ሰው የለም። ያን ጊዜ አንድ ነገር በጭላንጭል ታየው፦ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ የሚስቱ አጎት የኳስ ውጤት ሊያይ እዚህ ወንበር ላይ ተደላድሎ። ከእንግዲህ ይህን ማንም አይነካውም ብሎ አጎትየውን ትከሻውን ይዞ አስነሣው። ከዚያ በኋላ ያለው ጨለማ ነው።

ወረደ። አማቱ እጅጌ የሌለውን ቀሚስ ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቁታል።

"እማማ፣ የዘጋሁት እኔው ነኝ" አላቸው። "ፓስወርዱንም አላስታውሰው። እርስዎን ጠይቅ ብዬ ጽፌያለሁ።"

አልተቆጡም። እኔ ብሆን እጮኽበት ነበር። ከሦስት ወር በፊት በሩን በላያቸው ላይ ቆልፎ፣ ዛሬ መጥቶ ቁልፉ የት አለ ይላቸዋል! እሳቸው ግን ስለ ፓስወርድ የሰሙት ነገር እንደሌለ ብቻ ነገሩት። እሱም ያኔ ምን እንዳወራቸው እንዲያስቡለት ለመናቸው።

አማቱ መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩ።

"ከቀብሯ በሦስተኛው ቀን ባዶ እግርህን ማድ ቤት መጣህ" አሉ። "ሕፃን ሆና ምን ብለው ነበር የሚጠሯት አልከኝ። ነገርኩህ። ለሌላ ለማንም እንዳይነግሩ ብለኸኝ ወጣህ።"

ኀዘን አናቱ ላይ ወጥቶበት ነው ብለው ነበር የተረዱት። አደራ የተባልኩትን ካወጣሁ ደግሞ እህል ውሃ ይንሣኝ የሚሉ ሴት ናቸውና፣ ቃሉን ለገዛ እህታቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም። እሱ ደግሞ ያውቀዋል ብለው አስበዋል፤ ለምን ይነግሩታል? ይኸው እሳቸው ቁልፉን አፋቸው ውስጥ ይዘው ደጅ ሲጠኑ ሁለት ቀን ሞላቸው።

"ምን ነበር ያሉኝ?" አላቸው።

አማቱ ወደ መስኮቱ ዞሩ። "ድንቡሼ" አሉ። "ስትወለድ ጉንጯ ዓይኗን ይሸፍነው ነበር።"

እሱ የሚያውቃት ሚስቱ ቀጭን ነበረች። ደረጃውን ወጥቶ ፊደሎቹን አንድ በአንድ መታቸው። ላይኛው ተከፈተ። ፎልደሩ ውስጥ እጅጌው ተሠርቶ አልቆ፣ ልኩ ተጽፎበት ቁጭ ብሏል። አሁንም ምንም አልተሰማው። ሥራው ተሳካ፣ በቃ።

ታች ተመልሶ አማቱን ታችኛው ፊት አስቀመጣቸው፤ አዲሱን ፓስወርድ እዚህም ማስገባት ያስፈልጋል። ከመጻፊያው በታች አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። እሷ ላይ ምልክት ከተደረገ ኮምፒውተሩ ቃሉን ራሱ ያስታውሰዋል፣ መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ዳግመኛ ሰው አይጠይቅም። ይህንኑ አስረድቷቸው ምልክቱን ሊያደርግ እጁን ሲዘረጋ አማቱ እጁን ያዙት።

"ተዋት" አሉ። "እሱ አያስታውስልኝ። ከእንግዲህ ማታ ማታ አጠፋዋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እኔ ልጥራት።"

ሳጥኗን ባዶዋን ተዋት። አማቱ በአንድ ጣታቸው ፊደል እየፈለጉ መጻፍ ጀመሩ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ እሳቸው ግን በያንዳንዱ ፊደል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከእንቅልፏ እንደሚቀሰቅሷት ሁሉ፣ ስሟን ይሉት ነበር። ፎልደሩ ተከፈተ። እጅጌውን አገኙት፣ ወደ ፕሪንተሩም ላኩት።

ያኔ አመመው። ሆድ ባሰው፣ የአማቱን ወንበር ጀርባ በሁለት እጁ ጨብጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። አማቱ ዞር ብለው አላዩትም። ፕሪንተሩ እጅጌውን አጋምሶ ወረቀት አልቆበት ቆሞ ነበርና፣ ወረቀት ጨምርለት አሉት። እያለቀሰ ጨመረ።