ሁለት ኪሎ ጨምራለች

ነርሷ ሚዛኑ ላይ አጎንብሳ ቁጥሩን አነበበችና ፈገግ አለች። "ጎበዝ! በአንድ ሳምንት ሁለት ኪሎ ጨምራለች።"

ልብስ ሰፊዋ እናት ግን ፈገግ አላለችም። ዐይኗ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጇ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ነበር። ራሷ የሰፋችው ስስ ጨርቅ ነው፤ እንዲህ ቀጥ ብሎ ሊወርድ አይችልም። ሃያ ዓመት ጨርቅ ስትቆርጥ የኖረች ሴት በቁጥር አትሸነገልም።

"እንዲህ ከቀጠለች አልጋ መያዝ ላያስፈልጋት ይችላል" አለች ነርሷ። "ሐኪሟ እስክትጠራችሁ ውጭ ጠብቁ።"

ልጅቷ የፈራችው ያንን አልጋ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ቁርጡን ነግራቸዋለች። ሕመሙ አኖሬክሲያ ይባላል፤ ውፍረት እየፈሩ ራስን ማስራብ ነው፤ የልብ ምቷ ከሚገባው በታች ወርዷል፣ የወር አበባዋ ቀርቷል፤ ክብደቷ ካልጨመረ ተኝታ ትታከማለች። እስከዚያ በቀን ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ትብላ፣ እናት አጠገቧ ትቀመጥ ተባለ። እናትም ተቀመጠች። ግን ስልክ ይጠራል፣ ደንበኛ በር ያንኳኳል፤ ስትመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። እሰይ ብላ ሳታበቃ ጥርጣሬው ይመጣባትና የቆሻሻውን ቅርጫት እንደ ሌባ ትበረብራለች። አንድ ቀን በወረቀት የተጠቀለለ ሙሉ ምሳ አግኝታ እዚያው ቁጭ ብላ አልቅሳለች።

ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቀኑ ሞቃት ነው፤ ልጅቷ ግን ሁለት ሹራብ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። እናት እጇን ያዘች፤ በረዶ ነው። ክንዷ ላይ እንደ ሕፃን ያለ ስስ ፀጉር በቅሏል፤ የራስ ፀጉሯ ደግሞ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ሊያልቅ ነው።

"እስቲ ቀሚሱን ልየው።"

"ምን ሆነሻል እማዬ? ሰው መሃል?"

እናት ጎንበስ ብላ ጠርዙን በጣቶቿ ዳሰሰች። መጋረጃ ነፋስ እንዳያነሳው ከታቹ የምትሰፋቸው ትናንሽ ብረቶች፣ ከራሷ መሳቢያ የወጡ፣ ዙሪያውን ተሰፍተዋል። ስፌቱ ንጹሕ ነው፤ ራሷ ያስተማረቻት ስፌት። በዚያ ጭንቀት መሃል የልጇን እጅ አደነቀች፤ በማድነቋም ተናደደች።

"እንዳትናገሪ። ሰኞ ፈተና አለኝ። አልጋ ካስያዝሽኝ መቼም አላናግርሽም።"

"ልብሽ ቀጥ ቢልስ?"

"አሁን ነው የታየሽ?" ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ይህን ቀሚስ አራት ጊዜ አላጠበብሽልኝም? ሰው ሁሉ 'ልክክ አለባት' ሲል ደስ አይልሽም ነበር?"

እናት ጣቶቿን ከጠርዙ አነሳች። እውነት ነው። ልብሱ በሰፋ ቁጥር ታጠብበው ነበር፤ የልብስ ሰፊ ልጅ የተንዘላዘለ ልብስ መልበሷ ነውር መስሏት። ጎረቤቱም ዘመዱም "ቀጠን ብላ አማረባት" ከማለት በቀር መክሳቷን ያላየው ለዚህ ነው። እሷም ማየት አልፈለገችም።

ተነሣች። ልጅቷ ክንዷን ያዘቻት።

"እማዬ፣ በሞቴ!"

"በሞትሽ አትለምኚኝ። ኖረሽ ተቀየሚኝ" አለችና የነርሷን በር አንኳኳች።

ነርሷ ቀሚሱን አስወልቃ በስስ ጋውን መዘነቻት። ሁለት ኪሎው ቀርቶ ካለፈው ሳምንትም ቀንሳለች። ሐኪሟ የልብ ምቷን ረጅም ጊዜ አዳመጠች፤ ደሟ እንዲመረመርም አዘዘች።

"ዛሬውኑ ትተኛለች" አለች። "ምግቡን የምንጨምረው ቀስ በቀስ፣ ደሟን እያየን ነው። የተራበ ሰውነት ላይ በአንዴ ከጫንንበት ልቧን ሊጎዳት ይችላል።"

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ነርሷ ቅጹን አውጥታ ወደ እናት ዞረች። "መክሳት የጀመረችው ከሁለት ወር ወዲህ ነው ብለውን ነበር። እንደዚያው ልተወው?"

እናት የልጇን ጀርባ አየች፤ አጥንቱ በጋውኑ ላይ ይቆጠራል።

"አይደለም፤ ስምንት ወር አልፎታል። ልብሷን እያጠበብኩ የሸፈንኩት እኔ ነኝ። እሱንም ጻፊው።"