ሮዚን እስክትሞት

ሙሴ ቮድሪ ፓሪስ፣ ባቲኞል ሰፈር ያለውን ግቢ ሦስተኛ ፎቅ ተከራይቶ የገባ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ውሃ ለመቅዳት እንኳ ጠጉሩን አበጥሮ መውረድ ጀምሮ ነበር። ደራሲ ነዋ! ያውም ከአዲሶቹ፤ የልዑላንና የባሕር ወንበዴ ታሪክ ትተው ስለ ጫማ ሰፊና ስለ ድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ከሚጽፉት። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ ተደግፎ በትንሽ ደብተር ይጭራል። ጫማ ሰፊው ባሊቮ እንኳ "እኔ በጎኔ ነው የማምረው" ብሎ ወንበሩን አዙሮ መሥራት ሲጀምር፣ ሚስቱ በሳቅ ልትፈነዳ ነበር።

ያልተሽቆጠቆጠችው ሌኦካዲ ብቻ ናት። ሌኦካዲ ፍራሽ አዳሽ ናት፤ አርባ ዓመት ሊሞላት ሁለት የቀራት፣ ክንዷ ደልደል ያለ፣ አገጯ ላይ ሽምብራ የምታህል ጥቁር ምልክት ያለባት። ጸደይ ሲገባ ግቢው መሃል ጥርሳም ማባዘቻዋን ትተክልና የሰዉን ፍራሽ እየተረተረች፣ ክረምቱን ሙሉ ተጠቅጥቆ የከረመውን ሱፍ ስታባዝት ትውላለች። ለደራሲ ብላ የምታምርበት ጊዜ የላትም። ደግሞም ሐሳቧ ሌላ ጋ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባርናቤን ልታገባ ነው፤ ክረምቱን በቆጠበችው ምርጥ ሱፍ ለሁለት የሚሆን ፍራሽ ሰፍታ ጨርሳለች።

ባርናቤ የሕዝብ ሠረገላ ነጂ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት አራት ዓመት ሆነው። ለሁለት ፈረስ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ለሰው ሲሆን ግን ኮፍያውን ከማሽከርከር በቀር ምንም አይሆንለትም።

መጋቢት ላይ የሙሴ ቮድሪ ልብ ወለድ በጋዜጣ ላይ በየቀኑ ቁራጭ ቁራጩ መውጣት ጀመረ። በግቢው ልማድ ጋዜጣውን የምታነበው በር ጠባቂዋ ማዳም ፕሩቮ ናት፤ ደረጃው ሥር ቆማ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አስቀምጣ፣ እንደ ቄስ ድምጿን እየጎተተች። ሌላው ድንቹን እየላጠ ያዳምጣል። በአራተኛው ቀን ሮዚን የምትባል ሴት ታሪኩ ውስጥ ገባች።

"'ሮዚን ፍራሽ አዳሽ ነበረች፤'" ብላ አነበበች ማዳም ፕሩቮ። "'ክንዷ ደንዳና ነው። አገጯ ላይ ጥቁር ምልክት አለ። የሰካራም አባቷ ደም በሥሯ ይንተከተካል፤ የአረቄ ጠርሙሷን ሱፉ ሥር ደብቃ በየሰዓቱ ትጎነጫለች...'"

ማንበቧን አቆመች። የድንች ቢላዎች ሁሉ ቆሙ።

"ምን ታዩኛላችሁ?" አለች ሌኦካዲ። "አገጯ ላይ ምልክት ያለባት እኔ ብቻ ነኝ?"

"ፓሪስ ውስጥ ሌላም አትጠፋም፤" አለ ባሊቮ። "እዚህ ግቢ ግን፣ አዎ፣ አንቺው ነሽ። እኔ አንድ ወር ሙሉ ጎኔን ሰጥቼው አንድ መስመር እንኳ አልጻፈልኝ!"

መጀመሪያ ሳቅ ነበር። በኋላ ግን ሮዚን ጠጣች፤ ሰደበች፤ የሰው ሱፍ ሸጠች፤ በየቀኑ አንድ ደረጃ ወረደች። ሰውም ሌኦካዲ በሥራ መሃል የምትጎነጭበትን ጠርሙስ ባነሳች ቁጥር እርስ በርሱ መተያየት ያዘ። አባቷ ሰካራም እንደነበር ደግሞ ማንም አይክድም።

የባርናቤ እኅት ክሌማንስ ሻማ ሻጭ ናት፤ ማታ ማታ ሾርባውን እያቀረበች ጋዜጣውን ታነብለታለች። "የተማረ ሰው የጻፈው ነው፣ ወንድሜ። ዘር ከልጓም ይስባል" አለችው።

እሑድ ባርናቤ ግቢው መጣ፤ ኮፍያው እጁ ላይ ይሽከረከራል።

"ሌኦካዲ... ማዘጋጃ ቤት ሄደን የምንመዘገበውን ነገር ትንሽ ብናቆየው?"

"እስከ መቼ?"

"እስከ... ታሪኩ እስኪያልቅ።"

"ምን አልክ?"

"እንዲያው መጨረሻዋን ባውቀው ብዬ ነው እንጂ..."

ሌኦካዲ የምትወረውረው ነገር ፈለገች፤ እጇ ላይ ያለው ሱፍ ነው፤ ሱፍ ደግሞ ቢወረወር አይጎዳም። ጀርባዋን ሰጥታው ሥራዋን ቀጠለች። እንባዋን አቧራው አመጣው ብለው እንዲያስቡ ማባዘቻውን አፈጠነችው።

"ፎቅ ውጪና ደራሲውን ለምኚው፤" አለቻት ማዳም ፕሩቮ። "የደራሲ ልብ ስስ ነው። አምና በዚሁ ጋዜጣ አንዲት ልጅ በሳንባ በሽታ ልትሞት ስትል፣ አንባቢው ደብዳቤ አዥጎድጉዶ አድኗታል።"

"ላልጠጣሁት አረቄ ምሕረት አልለምንም!"

እሷ አልወጣችም፤ እሱ ግን ዓርብ ዕለት ወረደ። የሙሴ ቮድሪ ፍራሽ እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ ጎኑን እየቆረቆረ አላስተኛው ብሏል። ፍራሽ ሲታደስ ደግሞ ባለቤቱ ከጎን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ አንዳንዷ አዳሽ ጥሩውን ሱፍ አውጥታ ገለባ ትሞላለች ስለሚባል። በባቲኞል ይህ እንደ ስድብ አይቆጠርም፤ ልማድ ነው። ሌኦካዲ በርጩማ አቀረበችለት።

"ይቀመጡ፣ ሙሴ። በደንብ ይጠብቁኝ። ሱፍ እሸጣለሁ አሉ።"

ጆሮው ቀላ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የማዳም ፕሩቮ ድመት ስትታመም ወተት የገዛላት እሱ ነው።

"ማድሞዜል፣ እኔ ሰው አልሰድብም። እኛ እንደ ሐኪም ነን። ድህነትና የዘር ደም ሰውን ምን እንደሚያደርጉት አይተን እንመዘግባለን እንጂ ከራሳችን አንጨምርም።"

"ከሦስተኛ ፎቅ ነው የሚያዩት?"

"መስኮቱ ሰፊ ነው።"

"እሺ፣ ሐኪም። ሮዚን ምን ትሆናለች?"

"ሳይንሱ... ምርጫ አይሰጠኝም" አለና አሳለው። አቧራው ገና ጸጉሩ ላይ መቀመጡ ነው። ሳሉ አላቆም ሲለው ሌኦካዲ ጠርሙሱን አቀበለችው። ሲያየው የድሮ የአረቄ ጠርሙስ ነው፤ ትንሽ አመነታና ተጎነጨ። ደግሞ ተጎነጨ።

"ገብስ ነው?"

"የገብስ ውሃ፤ ሎሚ ጠብ አድርጌበታለሁ። አቧራ የሚውጥ ጉሮሮ ሌላ አይቀበልም። ጠርሙሱ የአባቴ ነበር፤ ከእሱ የወረስኩት ይኸው ነው።" ሱፉን ገለበጠች። "ሳይንስዎን ውሸት ነው አልልም። ከወንድሞቼ ሁለቱ ይጠጣሉ። እኔ ግን በየቅዳሜው አባቴን ተሸክሜ አምስት ፎቅ የወጣሁ ነኝ፤ ሽታው እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል። ይሄ ከመስኮት አይታይም።"

ሙሴ ቮድሪ ደብተሩን አወጣ፤ አየው፤ መልሶ ኪሱ ከተተው። "ቀሪው ክፍል ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ አላስቆመውም። ከፈለጉ ግን ለእጮኛዎ እኔ ራሴ እመሰክራለሁ።"

"የእርስዎን ምስክርነት ካሻው፣ እርስዎን ያግባ!"

ይህን ስትል ባርናቤ ጅራፉን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። ፈረሶቹ እስኪቀየሩለት ሊያያት ብቅ ብሎ ነው። ደራሲውን ሲያይ ግን ሌላው ሁሉ ጠፋበት።

"ሙሴ፣ አንዴ... ሴትዮዋ ትሞታለች?"

ሙሴ ቮድሪ እግሩን አየ። "ትሞታለች።"

"በምን?"

"በመጠጥ። ሆስፒታል ውስጥ። ማክሰኞ።"

ባርናቤ ኮፍያውን አወለቀ። ሌኦካዲ ማባዘቻውን አቆመች።

"ባርናቤ፣ ማክሰኞ የምትሞተው ሮዚን ናት። እኔ ማክሰኞ የማዳም ባሊቮን ፍራሽ ነው የማድሰው። ቀጠሮህ ከሷ ጋር ከሆነ ቀብሯ ላይ ቁም። ከኔ ጋር ከሆነ ማዘጋጃ ቤቱ ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ክፍት ነው። ከዛሬ በኋላ አትምጣብኝ።"

በየፎቁ መስኮት ተከፈተ። ባርናቤ ላብ አጠመቀው።

"የግራዋ ፈረሴ፣" አለ በመጨረሻ፣ "እናቷ ተናካሽ ነበረች። እንዳትወስዳት ያላለኝ ሰው የለም።"

"እና ነከሰችህ?"

"አንድ ጊዜ። እሱም ልጓሟን አጥብቄባት ነው።"

"አሁንስ ማን ነው ያጠበቀው?"

"እኔ ነኝ" አለ ባርናቤ። ኮፍያው ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ ላይ ዝም አለ። "እኔው ነኝ፣ ሌኦካዲ። ሰው ባነበበልኝ ፈራሁ። ነይ እንሂድ።"

"በዚህ አቧራ? አብደሃል?"

"እኔስ ፈረስ ፈረስ የምሸት አይደለሁ?"

"ሂጂ እንጂ፣ አንቺ!" ብላ ጮኸች ማዳም ፕሩቮ ከደረጃው። "የክት ልብስ ልትቀይሪ ነው እንዴ? ልቡ ሳይቀየር ሂጂ!"

ሌኦካዲ ሽርጧን ፈታ ለደራሲው ሰጠችው። "ሱፉን ይጠብቁልኝ፣ ሙሴ። ነፋስ ከወሰደው በኔ ይጻፋል።"

ተያይዘው ወጡ። ሙሴ ቮድሪም ሽርጡን ታጥቆ፣ በተተረተረው ፍራሹ መሃል በሁለት እጁ ሱፉን ተጭኖ ሲቀመጥ፣ ባሊቮ ከወንበሩ ሆኖ "ወደ ግራ ዞር ይበሉ፣ በዚያ በኩል ያምርብዎታል!" አለው።

ማክሰኞ ሮዚን ሞተች። ማዳም ፕሩቮ ስታነብ መነጽሯ ሁለት ጊዜ ጉም ለበሰ፤ ጫማ ሰፊው ወደ ግድግዳው ዞረ። ከሁሉ አብዝታ ያለቀሰችው ግን ሌኦካዲ ናት።

"ምነው፣ ሙሴ!" ብላ ወደ ሦስተኛ ፎቅ አንጋጠጠች። "አጠገቧ አንድ ሰው እንኳ አጡላት? አንድ ጎረቤት? እጇን የሚይዝ?"

ሙሴ ቮድሪ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ይቅርታ ጠየቀ።