የሐዋ ሰይድ ዲግሪ

ነርስ ነኝ። ይህን ቃል ዶሃ ውስጥ ጮክ ብዬ የተናገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባልተናገርኩት ኖሮ እላለሁ እስካሁን።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከደሴ ልጀምር። ስሜ እጅጋየሁ ገብረመድህን ነው። አራት ዓመት ተምሬ በነርስነት በዲግሪ ተመረቅኩ፤ በአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ ሁለት ዓመት ተኩል በኮንትራት ሠራሁ። ቁስል አጥቤያለሁ፣ አዋልጃለሁ፣ የሞተ ሰው ዓይን ከድኛለሁ። ኮንትራቱ ሲያልቅ በጀት የለም ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት ያሳለፍኩት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ነው። ለአንድ ቦታ መቶ ሰማንያ ነርስ ሲፈተን አይቻለሁ፤ እኔም ከመቶ ሰማንያዎቹ አንዷ ነበርኩ።

ወደ ዐረብ አገር የላከኝ ደላላ አለሙ ይባላል። ዲግሪ እንዳለኝ ስነግረው ሳቀብኝ።

«እሱን ሳጥን ውስጥ ቆልፊበት። የተማረች የቤት ሠራተኛ ማን ይፈልጋል? ዶሃ ያለው ቤተሰብ የጠየቀው ሙስሊም ነው። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ሐዋ ሰይድ የምትባል።»

«ሐዋ ሰይድ ማናት?»

«አንቺ ነሻ!»

ያኔ ይህ ነውር አልነበረም። አብረውኝ ከተሳፈሩት የክርስቲያን ልጆች ስንቶቹ አንገታቸው ላይ የነበረውን ማተብ ፈትተው ዘሃራና ፋጡማ ሆነው እንደሄዱ እኔ አውቃለሁ። ለሁለት ዓመት ነው፣ ምን አለበት ተባባልን። አለሙ የቀበሌ መታወቂያውን አወጣልኝ፤ በእሱ ፓስፖርት ወጣ። አሥሩንም ጣቶቼን በሐዋ ስም አሻራ ሰጠሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንግሥት መዝገብ ጣቶቼ የእሷ ናቸው፤ ለእኔ የቀረኝ ሳጥን ውስጥ ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

በፈረንጆቹ 2019 ዶሃ፣ አል ነስር ሰፈር ገባሁ። ባባ አብዱልወሃብ፣ ማዳም፣ ሦስት ልጆች፣ እና ሁላችንም ዩማ የምንላቸው የባባ እናት። ማዳም ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ዩማ ደግሞ ልጃቸው አደረጉኝ፤ ሶላት ሲሰግዱ አጠገባቸው አቆሙኝ፣ እኔም ቆምኩ። ረመዳንን ከእሳቸው ጋር ጾምኩ፣ ሁዳዴን ለብቻዬ ጾምኩ። በአንድ ዓመት ሁለት ጾም የጾመ ሰው ቢያንስ አንዱ ይሰማለታል ብዬ ነበር።

ዩማ ስኳር አለባቸው። ግራ እግራቸው ተረከዝ ላይ የማይድን ቁስል ነበር፤ በሳምንት ሁለቴ ነርስ እየመጣች ታጥብላቸው ነበር። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ነርሷ ቀረች። ማዳም ፋሻውን ሰጠችኝና «ሐዋ፣ ቪዲዮ አይተሽ ሞክሪ» አለችኝ። መቆንጠጫውን ሆን ብዬ እንደ ማንኪያ ያዝኩት። ሦስት ቀን እንደዚያ አስመሰልኩ፤ ከዚያ እጄ እንቢ አለኝ፣ የሚያውቀውን መሥራት ጀመረ። ጤና ጣቢያ እንደለመድኩት ቁስሉን በየሳምንቱ በስልኬ ፎቶ አነሳው ነበር፣ መጥበቡን ለማየት። ጠበበም።

ያኔ በረመዳን አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዩማ ሐኪም የከለከላቸውን ጾም በድብቅ ጾመው ኖሯል፣ ልብስ ላጥፍ ክፍላቸው ስገባ በላብ ተነክረው፣ አፋቸው ተከፍቶ አገኘኋቸው። የስኳር መለኪያው ሁለት ነጥብ አንድ አለ። ሰው ስኳሩ እዚያ ድረስ ወርዶ ብዙ አይቆይም። በጎናቸው አስተኛኋቸውና ማር በነካ ጣቴ ድዳቸውን ማሸት ጀመርኩ። ማዳም ስትጮህ መጣች፤ ውሃ በብርጭቆ ይዛ ልትግታቸው ጎንበስ አለች።

«ተይ! ታንቂያቸዋለሽ! አምቡላንስ ጥሪ! ያላ!» ብዬ ጮህኩባት። ማዳሜን አዘዝኳት። እሷም ታዘዘች።

ዩማ ዓይናቸውን ሲገልጡ ማዳም ግድግዳውን ተደግፋ ታየኝ ነበር። «ማን አስተማረሽ?» አለችኝ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ድንጋጤ አወጣው። «ነርስ ነኝ» አልኳት።

አልተቆጣችም። አቅፋ ሳመችኝ። በሁለተኛው ቀን ወንድሟ ሙሸይሪብ ሰፈር ውስጥ በየቤቱ ነርስ የሚልክ ድርጅት እንዳለው፣ በኮሮናው ምክንያት ነርስ አጥቶ እንደተጨነቀ ነገረችኝ። «ኢቃማሽን፣ የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ ራሳችን እናዛውርልሻለን። ዩማንም አንቺው እየመጣሽ ታክሚያቸዋለሽ። ዲግሪሽን ብቻ አምጪ» አለች።

ሁለት ሳምንት ሰው ሆኜ ኖርኩ። ደስታ እንዲህ እንደሚያሳብድ ረስቼው ነበር። ሽንኩርት ልልጥ ስል ሳይቀር እጄን እስከ ክርኔ እታጠብ ነበር፤ ልጆቹ ይስቁብኛል። ከዚያ ወንድሜ ጥበቡ የዲግሪውን ፎቶ ከደሴ ላከልኝ። እጅጋየሁ ገብረመድህን ይላል። ሌላ ምን ይበል? ትምህርት ቤት የገባችው እሷ ናት።

አብራኝ የተሳፈረችውን ሀረገወይንን አማከርኳት። እሷም በሰው ቤት ናት፣ እዚህ ስሟ ዘሃራ ነው።

«እውነቱን ለማዳም ብነግራትስ?» አልኳት።

«አብደሻል? በሐሰት ስም ገብቻለሁ ልትዪ? እስር ቤት ነው፣ ከዚያ አውሮፕላን። የነርስ ፈቃድ ፈተናውን አልፈዋለሁ ካልሽ ዲግሪው ላይ ያለውን ስም ማስቀየር ነው። ወረቀት የሚያሠራ መንገሻ የሚባል አለ፣ ላገናኝሽ።»

መንገሻ ሾፌር ነው፤ አል አስማኽ ሰፈር ከስድስት ሰው ጋር አንድ ክፍል ይኖራል። በኮሮናው የተዘጋው መንገድ ሲከፈት አንድ ዓርብ ከክፍሉ በታች ካለው ልብስ ሰፊ ቤት በር ላይ ቆመን አወራን። የዲግሪዬን ፎቶ አጉልቶ አየው።

«ቆንጆ ነው። ስሙን ብቻ ነው የምናስነሳው፤ ማኅተሙ ራሱ ማኅተም ነው።»

«ኮሌጁን ቢጠይቁስ?»

«እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ሐበሻ የሚሠራው በምን መሰለሽ? ወረቀት ወረቀት ነው። ኸላስ።»

የተማርኩት እኔ፣ የተመረቅኩት እኔ፣ ታዲያ ይህ ምኑ ላይ ውሸት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የገዛ ዲግሪዬን በሐሰት አሠራሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው፤ የእኔስ ይብሳል፣ ጠርጥሬ ነው የተመነጠርኩት።

የማዳም ወንድም ቢሮ ሁሉ ነገሩ መስታወት ነው። ሻይ አስመጣልኝ፤ የቤት ሠራተኛን ሻይ ሲጋብዙ ያኔ አየሁ። ወረቀቱን ከተቀበለኝ በኋላ፣ «ይሄ ለማረጋገጫ ወደ ኮሌጅሽ ይላካል። ወራት ይፈጃል፣ አትጨነቂ» አለኝ። መልስልኝ ማለት የምችለው በዚያች ደቂቃ ነበር። ግን «ለመታወቂያው ፎቶ ተነሺ» አሉኝ። ነጭ ግድግዳ ፊት ቆምኩና ፈገግ አልኩ።

ጥበቡን ወደ ኮሌጁ ሮጥ በል አልኩት። እያለቀሰ ለመናቸው፤ ስሟን የቀየረችው ራሷ ናት፣ አንድ ሰው ናት አላቸው። የሬጅስትራሯ ሴትዮ በደንብ አስተናገደችው። «እጅጋየሁን እናውቃታለን፣ ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ሐዋ ሰይድን ግን አናውቃትም። አንድ ናቸው የሚል የፍርድ ቤት ወረቀት አምጣልን» አለችው። ፍርድ ቤት ደግሞ ባለጉዳይዋ ራሷ ትምጣ ወይ ውክልና ትላክ አለ። ውክልና ለመስጠት ዶሃ ያለው ኤምባሲያችን መስኮት ላይ ቀረብኩ። ልጅቷ ፓስፖርቴን አየችና፣ «ሐዋ ስለ ሐዋ ውክልና መስጠት ትችያለሽ። ስለ እጅጋየሁ ግን እጅጋየሁ ራሷ ትምጣ» አለችኝ። ምን ትበል፣ እውነቷን ነው።

የኮሌጁ መልስ በጥር 2021 ደረሰ። ማዳም ደብዳቤውን ይዛ ማዕድ ቤት መጣች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «በዚህ ስም የተማረ ሰው የለም ይላል። ወረቀቱ ሐሰተኛ ነው ይላል። ሐዋ፣ ዋሽተሽኛል?»

ሁለት መልስ ነበረኝ። ስሜ ነው ሐሰቱ ብላት ነርስነቴ ይተርፋል፣ እኔ ግን እታሰራለሁ፤ ሳሎን ተቀምጠው የሚሰሙን ዩማም ሶላት አብራቸው የቆመችው ልጅ ማን እንደነበረች ያውቃሉ። ዲግሪው ነው ሐሰቱ ብላት ግን ሥራዬ ይተርፋል። ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ሳህኑን አስቀመጥኩ።

«አዎ ማዳም። ዋሽቼ ነው። ነርስ አይደለሁም።»

ይቅር አለችኝ። ወንድሟን ለምና ፖሊስ እንዳይገባበት አደረገች። ደግነቷ ገደለኝ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የዩማን እግር እንዳልነካ፣ መርፌም እንዳልይዝ።

ከዚያ በኋላ ባለ ፈቃድ ነርስ መጣች። ሐበሻ ናት፣ ሄርሜላ ትባላለች። ደረቷ ላይ ፎቶዋና ሙሉ ስሟ፣ እናቷ ያወጣችላት ስም፣ ተለጥፏል። ክፉ ቅናት ቀናሁባት፤ አልደብቅም። ሥራዬ ሳፋ መያዝና ከቁስሉ የተነሳውን የቆሸሸ ጎዝ መድፋት ሆነ። በየሳምንቱ ፎቶ ማንሳቴን ግን አልተውኩም። ሳፋውን ይዤ ስጠጋ አነሳለሁ፤ ፎቶ መንካት አይደለም።

በጥቅምት ከተረከዙ ጎን አንዲት ጥቁር ነጥብ አየሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አደገች። ሄርሜላ ከላይ ያለውን ቁስል እያጠበች አላስተዋለችውም፤ በቀን አሥር ቤት ትዞራለች፣ አልፈርድባትም። ዝም ብል እግሩ ይቆረጣል። ብናገር ማዳም በሩ ላይ ቆማለች።

«ሲስተር» አልኳት በአማርኛ፣ ቀስ ብዬ፣ «ይቺን ጥቁር እያት። ያለፈው ሳምንት ይሄን ታህል ነበር።» ስልኬን ሰጠኋት።

ፎቶዎቹን አገላበጠች። ፊቷ ተቀየረ። ተረከዙን በጣቷ ጫን አድርጋ አየችና እዚያው ለሐኪሙ ደወለች። ዩማ በዚያው ቀን ሆስፒታል እንዲገቡ ተባለ። ማዳም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «አልሐምዱሊላህ! ለዚህ ነው የተማረ ሰው የሚያስፈልገው» አለች። እኔን እያየች አይደለም የተናገረችው። እኔ እዚያ የለሁም።

ሄርሜላ ዕቃዋን እየሰበሰበች ስልኬን ልትመልስልኝ ስትል ጣቷ አንድ ፎቶ አሳለፈ። ጥቁር ጋውን፣ ቆብ፣ ደረት ላይ በወርቅማ ፊደል ስምና ሙያ የተጻፈበት ሪባን። እኔ ማስክ አድርጌአለሁ፣ ሻሽም እስከ ግንባሬ አስሬአለሁ።

«እጅጋየሁ» ብላ አነበበች። «ትመስልሻለች። እህትሽ ናት?»

ማዳም አጠገባችን ነበረች። «አዎ» አልኩ።

«የወሎ ሰዎች ናችኋ! አንዷ ሐዋ፣ አንዷ እጅጋየሁ» ብላ ሳቀች። «ነርስ ናት? ለዚህ ነው ቁስል ማየት የምታውቂው። አንቺም እንደሷ ብትማሪ ኖሮ ጥሩ ይወጣሽ ነበር። አሁን የት ነው የምትሠራው?»

ሳፋው እጄ ላይ ነበር። ፎቶው ላይ ያለችውን ልጅ አየኋት። ጥርሷ ሁሉ ይታያል።

«ሞታለች» አልኩ።

«ውይ!» አለች ሄርሜላ፤ እጄን ያዝ አደረገችው። «ነፍስ ይማር።» ከዚያ የቆሸሸውን ጎዝ ሳፋው ላይ አስቀመጠችልኝ፣ እንድደፋው።