አራት ሰማያዊ ካናቴራ

ዘርትሁን በስፌት ቀልድ አታውቅም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ ላውንድሪ ቤት፣ ከጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ተቀምጣ የጠበቃ ሱሪ ታሳጥራለች፣ የሙሽራ ቀሚስ ወገብ ታጠባለች። ያሳጠረችውን ገልብጣ “እስቲ ክሩን አሳዩኝ!” ትላለች ለጓደኞቿ። አያገኙትም። ትንሽ ጉራ አለባት፤ ይሁን እንጂ፣ በገዛ እጇ ሥራ ብትኮራ ማን ይከለክላታል?

በእጇ ሥራ ልክ የምትኮራበት ሌላ ነገር ቢኖር ልጇ ዓባይነህ ነው። ባሕር ኃይል ከገባ ሦስት ዓመቱ። የሚሠራው አውሮፕላን በሚሸከመው መርከብ ላይ፣ እላይ ሜዳው ላይ ነው። አውሮፕላን ሲቆም ታኮውን ከጎማው ሥር ይሸጉጣል፣ በሰንሰለት ያስራል፣ ሲነሳ ይፈታል። እዚያ ሰው በካናቴራው ቀለም ነው የሚታወቀው። ነዳጅ የሚሞላው ወይን ጠጅ፣ ቦምብ የሚጭነው ቀይ፣ ታኮና ሰንሰለት የሚይዘው ሰማያዊ ይለብሳል። ቢጫ ለባሹ ግን ሌላ ነው። በሁለት እጁ ምልክት እየሰጠ አውሮፕላኑን የሚነዳው እሱ ነው፤ ፓይለቱ ዓይኑን ከእጁ አይነቅልም። ዓባይነህ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለመው ያንን ቢጫ ነው።

በፈረንጆቹ ሰማንያ አራት፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ ዓርብ ማታ ላንድማርክ ሰፈር ወዳለው አፓርትመንቷ መጣ። የመርከቡ ወደብ ባለበት ኖርፎክ የሁለት ሳምንት የእሳት ማጥፊያ ኮርስ ላይ ነበር፤ መርከቡ ያለ እሱ ለልምምድ ወጥቷል። በማግስቱ ጠዋት እናቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ምስር ስትለቅም እሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል።

“እማዬ፣ ቢጫው ደርሷል” አላት። “ቺፉ ወረቀቴን ጽፎልኛል። ከኮርሱ ስመለስ ነው።”

ቺፍ የሚለው አለቃውን ነው። ዘርትሁን እልል ልትል አፏን ከፈተችና ጎረቤቱ ትዝ ሲላት በእጇ ከደነችው። “እሰይ የኔ አንበሳ! እሰይ!”

“አንቺ አሁን የምትሠሪውን እኛም እንሠራለን እኮ፣ ታውቂያለሽ?”

“ምስር ትለቅማላችሁ?”

“ሜዳውን እንለቅማለን።” ሳቀ። “በየጠዋቱ፣ አውሮፕላን ሳይነሳ፣ አለቃም ምንዝርም ጎን ለጎን ተሰልፈን፣ አንገታችንን ደፍተን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንሄዳለን። ብሎን፣ ሽቦ፣ ጠጠር፣ የሳንቲም ቁራጭ፣ ያየነውን ሁሉ እናነሳለን። ሞተሩ ፊቱ ላይ አፍ አለው፤ አየር ሲስብ ብሎኗንም ይስባታል። አንዲት ቁልፍ የምታህል ነገር ሞተር ታፈርሳለች። ሲነሳ ከሆነ ደግሞ ፓይለቱ አለቀለት። ኋላ የቆመውም ሰው እንደዚያው።”

“በስመ አብ!”

“አትፍሪ፣ ለዚያ ነው የምንለቅመው። ባለፈው ወር ግን ጉድ ነው ያየነው። መሀል ሜዳ ላይ መስቀል ተገኘ። የቆርቆሮ፣ ይቺን የምታህል።” የትንሽ ጣቱን ጥፍር አሳያት። “በረራው ሁለት ሰዓት ቆመ። ቺፉ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። መጀመሪያ የገባሁ ጊዜ ማተቤን ያስፈታኝ እሱ ነዋ፤ ሜዳው ላይ አንገትም ጣትም ላይ ምንም ነገር አይደረግም። ‘ያንተ ነው?’ አለኝ። አይደለም አልኩት። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሦስት ጊዜ እጄን አንስቼ ማልኩ። በመጨረሻ ‘አምንሃለሁ’ አለኝ። ያን ለታ ነው ወረቀቱን የጻፈልኝ። ለካ የሚፈልገው ዓይኑን እያየ እውነት የሚናገር ሰው ነበር።”

ዘርትሁን እጇ ምስሩ ላይ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለፍልሰታ ፍቺ ዓባይነህ ሬይ የሚባል የቴክሳስ ልጅ፣ የመርከብ ጓደኛውን ይዞ መጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ነው የልጇን ባዶ አንገት ያየችው። “ሜዳው ላይ አይፈቀድም፣ ሣጥኔ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት” ቢላት ልቧ አልተቀበለም። ማተብ የሌለው ልጅ፣ እሳትና ባሕር መካከል! የሚታጠብ ብሎ ያመጣቸውን አራት ሰማያዊ ካናቴራዎች ተቀበለችው። ከቤተ ክርስቲያን የገዛቻቸውን፣ ቄሱ የባረኩላትን አራት ትንንሽ መስቀሎች፣ በእያንዳንዱ ቅምቅማት ውስጥ አንድ አንድ አድርጋ ሰፋቻቸው። በዚያ በምትኮራበት እጇ፣ ማንም በማያገኘው ስፌት። ለልጇም ትንፍሽ አላለችም፤ ወንድ ልጅ ይህን ሲሰማ ይስቃል ብላ።

“ካናቴራዎችህ የታሉ?” አለችው ድንገት።

“ሦስቱ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው፣ ልታጠቢልኝ ነው?”

“አምጣቸው።”

ቅርጫቱን ይዛ ወደ ምድር ቤቱ ላውንድሪ ሩም ወረደች። ማጠቢያ መኪናዎቹ መሀል ቆማ የመጀመሪያውን ቅምቅማት በጣቶቿ ዳበሰች። አለ። ሁለተኛውም አለ። ሦስተኛውን ስትዳብስ ጣቷ የሚይዘው አጣ። ወደ ብርሃኑ አስጠግታ አየችው፤ ክሩ ተበጥሶ፣ ከጎን በኩል ጥፍር የምታሾልክ ቀዳዳ ተከፍቷል። ለካ የመርከብ ላውንድሪ የፈላ ውኃና ጨካኝ ሳሙና ነው፣ የእሷን ስፌት የሚያከብር እጅ እዚያ የለም።

ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። “ገብርኤል፣ ምን አድርጌ ነው?” አለች።

መቼም ሰው ነች፣ መጀመሪያ የመጣላት ዝም ማለት ነው። ሁለቱን እዚሁ ፈትታ ታወጣለች፣ የተቀደደውን ትጠግናለች፣ ልጁም ቢጫውን ይለብሳል፣ ማን ያውቃል? አንዱ ቀርቶባታል እንጂ! አራተኛው ካናቴራ። ወደ ላይ ወጣችና ምንም እንዳልሆነ ሰው እየመሰለች ጠየቀችው።

“አራተኛውስ የት ሄደ?”

“ለሬይ አውሼዋለሁ። የሱ ዘይት ነክቶት ተበላሽቶበት፣ ስወጣ ሰጠሁት።”

“አሁን ለብሶታል?”

“እንዴታ! እዚያ ሥራ ላይ ነው።” ሰዓቱን አየ። “አሁን እንዲያውም ሳያስነሱ አይቀሩም።”

እሱ ጥሩ ስፌት ነው፣ አይፈታም፣ አለች በሆዷ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ያኛውስ ጥሩ ስፌት አልነበረም? ሬይ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ያን ቀን ዶሮ ወጡ አቃጥሎት እንባው እየወረደ “አልተውም” ያለው፣ ሲሄድ ጎንበስ ብሎ “እማዬ” ያላት፣ ያ ፊቱ ጠቃጠቆ የሞላው ልጅ። የሱም እናት ቴክሳስ ውስጥ ሆና ትጸልይ ይሆናል። የዘርትሁንን መስቀል ግን የምታውቀው ነገር የላትም።

ሁለቱን መስቀሎች ከቅምቅማቱ ፈትታ አወጣችና ከተቀደደው ካናቴራ ጋር ጠረጴዛው ላይ፣ ከምስሩ ጎን አስቀመጠቻቸው።

“የኔ ናቸው” አለች። “ለፍልሰታ እኔ ነኝ የሰፋኋቸው። አራቱም ላይ። የተገኘው ከዚህኛው የወደቀ ነው። ሬይ የለበሰውም ላይ አለ።”

ዓባይነህ መስቀሉን አነሳና አገላብጦ አየው። ከዚያ ብድግ ሲል ወንበሩ ወደቀ።

“እማዬ! ማልኩ እኮ! ሦስት ጊዜ ማልኩ!”

“አንተ አላወቅክም፣ ልጄ፣ አልዋሸህም...”

“ማን ያምነኛል? ልብሴ ውስጥ ነበር! ሰውነትህ ላይ ያለው ሁሉ ያንተ ነው፤ የመጀመሪያ ቀን የሚያስተምሩን ይኼንን ነው! እንዴት አትነግሪኝም? ምን ነበረበት ብትነግሪኝ?”

“አውልቀህ ትጥለዋለህ ብዬ ነዋ!”

“አዎ፣ እጥለው ነበር!”

እሱ እንዲህ ጮኾባት አያውቅም። ጥፋቱ የእሷ ነው፣ እሷም ታውቃለች። ትንሽ ቆይቶ ወንበሩን አነሳና ቁጭ አለ። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ዘርትሁን ስልኩን ከነገመዱ ጎትታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

“ከደወልኩ ቢጫው የለም” አለ ቀና ሳይል። “ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ።”

“እንደገና የሚሰጠኝ የለም።”

“እኔ ልንገራቸው። እንግሊዝኛዬ ቢሰበርም ይገባቸዋል። እኔ ጥፋተኛ፣ ልጄ አያውቅም፣ እላቸዋለሁ።”

ቀና ብሎ አያት። ፈገግ ሊል ነበር፣ ግን አልሆነለትም። ስልኩን አንስቶ ኖርፎክ ወዳለው የባሕር ኃይል ጽሕፈት ቤት ኮል አደረገ። ሲናገር ድምፁ ልክ እንደ አባቱ ረጋ ያለ ነበር፤ የሬይን ስም፣ የካናቴራውን ቅምቅማት፣ አንዲት የቆርቆሮ መስቀል። የሚያናግረው ሰው ወደ መርከቡ በሬዲዮ እንደሚያስተላልፍ ነገረው። ስሙንና ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገመው። ስልኩን ሲዘጋ “እሺ” ብቻ አለ፣ ለማን እንደሆነ ባይታወቅም።

ያን ቀን ምስሩ አልተሠራም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም ብዙ አላወሩም። ባስ ተራ ስትሸኘው ጉንጯን ሳማት፣ ግን የሳማት ቶሎ ነበር።

ከኮርሱ በኋላ መርከቡ ተመልሶ ኖርፎክ ገባ፤ ዓባይነህም ተሳፈረበት። በሐሙሱ፣ ዘርትሁን ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኩ ጮኸ።

“እማዬ፣ ደህና ነሽ?”

“ደህና ነኝ፣ ሬይስ?”

“ደህና ነው። ሬዲዮው ሲደርስ ሜዳው ላይ ነበር፣ ጠርተው አስወለቁት። መስቀሉ ተገኘ፤ ክሩ በግማሽ ተፈትቶ፣ መስቀሉ ጫፉ ወጥቶ ነበር አሉ። እሱ እንኳ አልተቀየመሽም፣ አሁንም ይሰግድልሻል፣ እብድ ነው።”

ዘርትሁን ግድግዳውን ተደገፈች። “ተመስገን። ተመስገን ጌታዬ። አንተስ?”

“ቺፉ አመነኝ። ‘አልዋሸህም፣ ግን ልብስህን አልፈተሽክም’ አለኝ። ወረቀቱን እፊቴ ቀደደው። ሦስት ወር የመርከቡ ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ። ለአምስት ሺህ ሰው፣ ገምቺው! ከዚያ ሰማያዊውን እንደገና ከመጀመሪያው።”

“ሜዳው ላይ የለህማ?”

“የለሁም። ደስ አለሽ አይደል?”

አይ ልትለው ፈልጋ ነበር። ግን ልጁ ከዚያ ከሞተሩ አፍ ርቆ፣ ከሥር፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ እጁን ነክሮ ቆሞ ታያት። ሦስት ዓመት የታሰረ ልቧ ተፈታ። በዚህ ላይ ደግሞ መዋሸት አልቻለችም።

“አዎ” አለች። “እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኛል። አንተም ይቅር በለኝ።”

በመስመሩ ላይ የሳህን ኳኳታ፣ የሰው ጫጫታ ተሰማት።

“ይቅር ብዬሻለሁ፣ እማዬ” አላት ዓባይነህ። “ለገና እመጣለሁ። ልብሴን ግን እኔው ራሴ ነኝ የማጥበው።”

“እሺ ልጄ” አለች ዘርትሁን።