የጅራፉ ሦስት ኳሶች

በሳን ፔድሮ ከሸንኮራ አገዳው የሚበዛ ነገር ቢኖር የቤዝቦል ወሬ ነው። አገዳው እንኳ በዓመት አንዴ ይቆረጣል፤ ወሬውን ግን የሚቆርጠው አልተወለደም። ከዚህ ሁሉ ወሬ ደግሞ የሊዮንሲዮ ሪሆን የሚያህል አልነበረም። ሰፈሩ «ጅራፉ» የሚለው ይህ ሰው ዛሬ የስኳር ፋብሪካውን ማሽን ዘይት የሚያጠጣ የሃምሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነው። በሰማንያዎቹ ግን ለከተማው ቡድን ኳስ ወርዋሪ ነበር። ስንት ዓመት ቢሉ፣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ። በእሱ አፍ ያቺ ዓመት ከመንፈቅ ሰማንያዎቹን ሞልታ ወደ ሰባዎቹም ፈስሳለች።

የወሬዎቹ ሁሉ ንግሥት ይህች ነበረች። ጥር 1986፣ ሳንቲያጎ ላይ፣ በስምንተኛው ዙር፣ ታላቁን መቺ ኤሊሂዮ ፓቼን በሦስት ኳስ አሰናበተው። ፓቼ ሦስቴ ዱላውን ሰነዘረ፣ ሦስቴም አየር መታ፤ ሦስቴ የሳተ መቺ ደግሞ ከሜዳ ይወጣል። መጀመሪያ ሲያወራት በዱላው ነፋስ የሦስት ሰው ባርኔጣ ነበር የወለቀው፤ በሰባተኛው ዓመት ባርኔጦቹ ሠላሳ ደረሱ። ፓቼ የሳን ፔድሮ ልጅ ሆኖ ሳለ ለባላንጣዎቹ ለሳንቲያጎዎች የተጫወተ ሰው ነውና፣ ከተማው ይህችን ወሬ ሠላሳ ዓመት ሰምቶ አልጠገባትም።

እውነቱ ሌላ ነበር። ፓቼ የመጀመሪያዋን ኳስ መትቶ ከግራው አጥር በላይ ላካት፤ ለቡድኑም አንድ ነጥብ ሆነች። ነገሩ ግን ለውሸት የተመቸ ነበር። ቡድኑ አሥራ አንድ ለአንድ እየተመራ ስለነበር ተመልካቹ ወጥቶ አልቋል፤ ከሳን ፔድሮ ያን ያህል መንገድ የሄደ ደጋፊም አልነበረም። ጋዜጣው ውጤቱን በአንድ መስመር ጽፎ አለፈ። ያን ቀን ኳሱን የሚቀልብለት ጓደኛው ሞቷል። ፓቼ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ እዚያው ቀረ።

ዛሬ ግን ፓቼ መጥቷል።

«አትንቀሳቀስ» አለ ቴኦፊሎ፣ ምላጩን ሊዮንሲዮ ጉሮሮ ላይ እንደያዘ። ቴኦፊሎ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የሊዮንሲዮን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሳ አበልጁ፣ የሰፈሩ ሜዳ ኮሚቴ ሰብሳቢም ነው። «ጉሮሮህ እንደ እንቁራሪት ይዘላል። ምን ሆነሃል?»

«ሙቀቱ ነው፣ አበልጄ።»

«ሙቀቱ ትናንትም ነበር። ትናንት አልዘለለም።» ምላጩን በፎጣ ጠረገና ቀጠለ። «የሜዳው ሰሌዳ ተሠርቶ አልቋል። ሜዳውን በስምህ ሰይመነዋል፣ ከሥሩ ደግሞ ‹ኤሊሂዮ ፓቼን በሦስት ኳስ ያሰናበተ› ብለን በቀይ ጽፈናል። ከአውራ ጎዳናው ይነበባል። አሁን በአንሶላ ሸፍነነዋል፤ አሥር ሰዓት ላይ ፓቼ ራሱ አንሶላውን ይገልጠዋል።»

ሊዮንሲዮ ምራቁን ሲውጥ ምላጩ ቆዳውን ነካው። «በሦስት ኳስ የሚለው... ትንሽ አልበዛም? ስሜ ብቻ ቢሆንስ?»

ቴኦፊሎ እጁን አቁሞ በመስታወቱ ውስጥ አፍጥጦ አየው። ይህ ሰው ስለ ራሱ የተነገረን ነገር በዛ ሲል መስማቱ የመጀመሪያው ነው። «አሞሃል» አለው።

«ትከሻዬን። ከጠዋት ጀምሮ። ምናልባት ባልመጣ...»

«ትከሻህ ይቅር፤ ምላስህ ከመጣ ይበቃል። ከቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ተውሰናል። ዶኛ ኤርሚንያም ደብተሮቻቸውን ይዘው ይመጣሉ።»

ሊዮንሲዮ ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ምላጩ መለሰው። ሰፈሩ በአክብሮት ዶኛ የሚላቸው ኤርሚንያ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የዚያን ዘመን ጨዋታ ሁሉ ከሬዲዮ እየሰሙ፣ እያንዳንዷን ኳስ በተማሪ ደብተር ጽፈው አስቀምጠዋል። በከተማው ሁለት ሰው በጨዋታ ከተካሰሰ ችሎቱ የእሳቸው በረንዳ፣ ምስክሩም ደብተሩ ነው። ለዚህ ነው ሊዮንሲዮ ሠላሳ ዓመት በደጃቸው ያላለፈው። ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ሦስት መንገድ ይዞራል።

አሥር ሰዓት ላይ ሜዳው ሞላ። ያ ሰው አገዳ ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው ፈጭቶ ለመጨረስ ሦስት ወር ይፈጅበት ነበር። ሊዮንሲዮ በሰባት ሚስማር የተወጋ ያህል እየተቁነጠነጠ ሰሌዳው ሥር ቆመ። ፓቼ በከዘራ እያዘገመ መጣ፤ ወፍሯል፣ ሲስቅ የወርቅ ጥርሱ ያበራል።

«አንተን የት ነው የማውቅህ፣ ወንድሜ?»

«ሊዮንሲዮ። ጅራፉ። ሳንቲያጎ፣ ስምንተኛው ዙር» አለ በሰለለ ድምፅ።

ፓቼ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። «አላስታወስኩህም። አትቀየመኝ። የወርዋሪ ፊት አላይም ነበር፤ እጁን ነው የማየው። አሰናብቶኛል ካልክ እሺ፣ ስንቱ አሰናብቶኛል።»

ሊዮንሲዮ ከጠዋት ጀምሮ ያመቀውን ትንፋሽ ለቀቀው። ዳነ። ሠላሳ ዓመት የፈራው ሰው ምንም አያስታውስም። ደስታው ግን አንድ ደቂቃ አልቆየም፤ ቀና ሲል ከፊት መስመር ዶኛ ኤርሚንያ ተቀምጠዋል። በቀይ ክር ምልክት የተደረገበትን ገጽ ገለጡ፣ እርሳሳቸውን በምላጭ ቀረጹ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉና ትክ ብለው አዩት። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣበቀ።

«ጅራፉ» አለ ቴኦፊሎ ድምፅ ማጉያውን እያስጨበጠው፣ «ያቺን ታሪክ በራስህ አፍ።»

«ጥር ነበር» ብሎ ጀመረ። ዶኛ ኤርሚንያ የእርሳሱን ጫፍ በምላሳቸው አራሱ። «ስምንተኛው ዙር ነበር።» ጣታቸውን ገጹ ላይ አሳረፉ። አሁን ሦስት ኳስ ቢል ሊነሱ ነው። ተነስተው በዚያ የመምህር ድምፃቸው በልጁና በመላው ሰፈር ፊት ሊያነቡት ነው። ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«አንድ ኳስ ነበረች» አለ።

ቴኦፊሎ ሊገለጥ የነበረውን የአንሶላ ጫፍ ያዘ።

«ወረወርኩ፤ መታት። ከግራው አጥር በላይ ሄደች። አላሰናበትኩትም።»

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» አለ ከኋላ አንዱ፣ ሰዉም በሳቅ አውካካ። ሳቁ ሊዮንሲዮን ቀሰቀሰው፤ አንገቱ ተቃና።

«ሳቁ። ግን ኳስ በራሷ አትበርም። ያን ያህል ርቃ ለመሄድ ያን ያህል ፍጥነት ይዛ መምጣት አለባት። ፍጥነቱን ማን ሰጣት? ይህች እጅ። አጥሩን አለፈች፣ መንገዱን አለፈች፣ ወንዙን ተሻግራ...»

«ወንዙንስ አልተሻገረችም» አለ ፓቼ።

«አላስታውስም አላልክም?»

«ወንዝ ቢሆን አስታውስ ነበር።»

ያን ጊዜ ዶኛ ኤርሚንያ ብድግ አሉ፤ ሳቁም ቆመ። «ጨረስክ፣ አንተ ልጅ?»

«አዎ፣ ዶኛ። ደብተሩ ላይ እንዳለው ነው። ያንብቡት።»

«ደብተሩ ላይ ምንም የለም።» ገጹን ወደ እሱ አዞሩለት። እስከ ሰባተኛው ዙር ጥቅጥቅ ብሎ ተጽፏል፤ ከዚያ በታች ነጭ ነው። «ስምንተኛው ሲጀመር መብራት ጠፋ፣ ሬዲዮኑም ዝም አለ። ሲጠፋ አሥራ አንድ ለአንድ ነበር። በማግስቱ ጋዜጣው አሥራ ሁለት ለአንድ አለ። ያቺ አሥራ ሁለተኛዋ ነጥብ ከየት እንደመጣች ሳላውቅ ልሞት ነው ብዬ ነበር። አንተን እንዳልጠይቅህ፣ ባየኸኝ ቁጥር መንገድ ትሻገራለህ።»

ሊዮንሲዮ ነጩን ገጽ አየ። ሠላሳ ዓመት የሸሸው ከዚህ ነበር።

«በስንተኛዋ ኳስ ነው የመታህ?» አሉ እርሳሱን አዘጋጅተው።

ሰባተኛዋ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ሰባተኛዋ ቢል ማን ያውቃል? ዋጣት። «በመጀመሪያዋ።»

ቀስ ብለው፣ ፊደሉን እያሳመሩ ጻፉ። ቴኦፊሎ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘ ቀርቷል። «ዶኛ፣ ሰሌዳውስ?»

«ስሙ ይቆይ። ቀዩ ይፋቅ።»

ሊዮንሲዮ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰ። ከዚህ በኋላ ዳቦ ቤት በአቋራጭ መሄድ ይችላል፤ ፓቼም ወደ ጥብስ ቤት እየጠራው ነበር። አንድ እግሩን እንዳነሳ ዶኛ ኤርሚንያ ከላስቲክ ከረጢታቸው ሌላ ደብተር መዘዙ።

«ተቀመጥ እስቲ። ታኅሣሥ ላይ፣ ሮማና ከተማ፣ በተከታታይ ሰባት ሰው አሰናበትኩ የምትላት አለች።»

የሊዮንሲዮ እጅ ሳያዘው ወደ ትከሻው ሄደ። «ያን ቀን ደግሞ፣ ዶኛ፣ መብራቱ...»

«ያን ቀን መብራት ነበር» አሉ ዶኛ ኤርሚንያ።